ፕሌይስቴሽን ወይስ ጌሚንግ ኮምፒውተር? ወንድምዎ ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት

ጥያቄ፦ «የ14 ዓመት ወንድ ልጅና የ9 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ወንዱ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ፕሌይስቴሽን ቤት እየገባ አስቸግሮኛል። ቤት ሆኖ ዓይኔ ሥር ይጫወት ብዬ ወሰንኩ። ወንድሜ በቅርቡ ከዱባይ ስለሚመጣ ‹እስከ 700 ዶላር እችላለሁ፣ ምን ላምጣ?› አለኝ። ልጄ ግን ‹ፕሌይስቴሽን አልፈልግም፣ ጌሚንግ ኮምፒውተር ነው የምፈልገው፣ ለትምህርትም ይሆነኛል› ይላል። እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ‹ኮር አይ7፣ 16 ጂቢ ራም› የተባለ፣ ቀለሙ የሚለዋወጥ መብራት ያለው ኮምፒውተር በዚያው ዋጋ አሳይተውታል። የቤታችን ዋይፋይ 5 ሜጋ ነው። መብራቱን እርስዎም ያውቁታል። ከሁለቱ የትኛው ኃይለኛ ነው? የትኛውስ ይበረክታል?»

መልስ፦ ኃይሉን ለጊዜው እንተወው። በቂ ገንዘብ ካለ ኮምፒውተር ከማንኛውም ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ካለ የጌም ማሽን) የበለጠ ኃይለኛ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ክርክር የለውም። የእርስዎ ቤት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ልጁ የሚጫወተው ምንድን ነው? ከማን ጋር? ጌሙ ወደ ቤት የሚገባው በምን በኩል ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ዕቃው ከተገዛ በኋላ ግን ሁሉም በእሱ የተነሳ ወደ ሱቄ ይመለሳል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎት። በዚህ በጀት፣ በዚህ ኢንተርኔትና በዚህ መብራት ፕሌይስቴሽን 5 (ፒኤስ 5) ያስመጡ፤ ያውም ሲዲ የሚያስገባውን። የሱቁን ኮምፒውተር ይተዉት። ምክንያቴን ከዚያው ከኮምፒውተሩ ልጀምር።

«ኮር አይ7» የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል ስም ነው፤ «ቶዮታ» እንደማለት ነው። ዲኤክስ ኮሮላም ቶዮታ ናት፣ የዘንድሮው ላንድክሩዘርም ቶዮታ ነው። የመጀመሪያው አይ7 የወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው አዲስ ትውልድ ሲወጣ ኖሯል። እዚህ ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኙት አይ7ዎች ብዙዎቹ የውጭ አገር ቢሮዎች ተጠቅመውባቸው የጣሏቸው ናቸው። አንዳንዱ ነጋዴ ውስጡን አውጥቶ መስታወት ባለው አዲስ ኬዝ ይከተዋል። ሦስት ቀለም የሚቀያይሩ ፋኖችን ይጨምራል። በቃ፣ «ጌሚንግ» ሆነ።

ማጣራቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተሩን ያስከፍቱና ታስክ ማናጀር (የኮምፒውተሩን ሁኔታ የሚያሳየው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ውስጥ ገብተው ፐርፎርማንስ የሚለውን ይጫኑ። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) ላይ ሲደርሱ ከአይ7 ቀጥሎ ቁጥር ያያሉ። 3770 ወይም 4770 ከሆነ የ2012 ወይም የ2013 ዕቃ ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። በአቋራጭ ዊንዶውስ 11ን የሚጭኑ ልጆች አሉ። ግን እንደ ቫሎራንት ያሉ ጌሞች በዊንዶውስ 11 ላይ ማሽኑ የተወሰነ የደኅንነት ቺፕ ከሌለው አይከፈቱም።

ከታች ጂፒዩ (ምስሉን የሚሠራው ክፍል) የሚል ታገኛላችሁ። ጌሙን የሚያጫውተው ዋናው እሱ ነው፤ ሻጩ ግን ስለሱ አንድም ቃል አልተናገረም። እዚያ ቦታ ላይ «ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ» ብቻ ከተጻፈ ማሽኑ ግራፊክስ ካርድ የለውም ማለት ነው። 16 ጂቢ ይቅርና 64 ጂቢ ራም ቢኖረው ያንን አይተካም። «በኋላ ካርድ እንጨምርበታለን» ቢሏችሁም አትቸኩሉ። የእነዚያ የቢሮ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኃይል የሚያድለው ክፍል) ብዙውን ጊዜ ከ300 ዋት በታች ነው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም የለውም። ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ማስገቢያ ብቻ ካርዱ ማግኘት የሚችለው 75 ዋት ነው። በ75 ዋት የሚሠሩ ካርዶች አሉ፣ ጂቲኤክስ 1650ን የመሰሉ። ኳስ ጌም ያጫውታሉ፤ ከፒኤስ 5 ጋር ግን አይወዳደሩም።

አዲስና ትክክለኛ ኮምፒውተር በ700 ዶላር እንገጣጥም ብንልስ? አርቲኤክስ 4060 የተባለው መካከለኛ ካርድ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ብቻውን 299 ዶላር ነበር። ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ)፣ ደህና ፓወር ሰፕላይና ኬዝ ይጨመሩበት። ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስም አሉ። 700 ዶላሩ ያልቃል፤ ሒሳቡ ግን አያልቅም። ፒኤስ 5 በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲወጣ ባለ ሲዲው 499 ዶላር ነበር። በ2025 አሜሪካ ውስጥ ወደ 549 ከፍ ብሏል። ቴሌቪዥኑ ቤታችሁ አለ።

ሶኒ ይህን ያህል የሚረክሰው በጎ አድራጊ ስለሆነ አይደለም። ኮንሶሉን በትንሽ ትርፍ ወይም በኪሳራ ይሸጥና ትርፉን ከጌሙ ያወጣል። መጀመሪያ ላይ ባለ 499 ዶላሩን በኪሳራ ይሸጥ ነበር፤ በ2021 ነው «አሁን ኪሳራ የለውም» ያለው። ስለዚህ ልጅዎ «ኮምፒውተር ላይ ጌም ርካሽ ነው» ካለዎት እውነቱን ነው። አዲስ የፒኤስ 5 ጌም እስከ 70 ዶላር ይጠይቃል። ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም የኦንላይን ሱቅ ላይ ቆየት ያለው ጌም በቅናሽ ሰሞን በጥቂት ዶላር ይገኛል። ኮምፒውተር ላይ ኦንላይን ለመጫወትም ወርሃዊ ክፍያ የለም። ፒኤስ 5 ላይ ግን እንደ ፎርትናይት ካሉት ነፃ ጌሞች በስተቀር ኦንላይን ከሰው ጋር ለመጫወት ፒኤስ ፕላስ የሚባለውን መክፈል ግድ ነው፤ በአሜሪካ ዋጋ ዝቅተኛው በዓመት 80 ዶላር ገደማ ነው። ይህን ሳይሰሙ ገዝተው በኋላ «ተታለልን» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው።

ነገር ግን የስቲም ዋጋ ለእኛ በዶላር ነው፤ ክፍያውም እንደዚያው። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ከሌለዎት ያ ሁሉ ቅናሽ በመስኮት እንደሚታይ ኬክ ነው። ከዚያ ልጁ ምን ያደርጋል? ክራክ የተደረገ፣ ማለትም መቆለፊያው ተሰብሮ በነፃ የሚሰራጭ ጌም ፍለጋ ይገባል። እኔ ዘንድ ከሚመጡት የተበላሹ የቤት ኮምፒውተሮች ስንቱ ከዚያ የመጣ ቫይረስ ያለበት መሰለዎት። የእናትየው ቴሌግራምና ኢሜይል የተከፈተበት ኮምፒውተር ላይ ነው ልጁ «ጸረ ቫይረሱን አጥፋው» የሚል መመሪያ እየተከተለ ጌም የሚጭነው።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ። 5 ሜጋ ያሉት 5 ሜጋ ቢት ነው እንጂ 5 ሜጋ ባይት አይደለም። ስምንት እጥፍ ልዩነት አለው። አንድ ትልቅ ጌም ዛሬ 100 ጊጋ ባይት ቢሆን አይገርምም፤ ጂቲኤ 5 እንኳ ኮምፒውተር ላይ ይህን ያህል ቦታ ይይዛል። በ5 ሜጋ ቢት 100 ጊጋ ለማውረድ አንዳች ሳይቆራረጥ ወደ 45 ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የቤቱ ሰው ሁሉ «ዋይፋዩ ምን ሆነ?» እያለ ይጮኻል። ለኮምፒውተር የሚሸጥ ጌም ደግሞ ዛሬ በሲዲ አይመጣም ማለት ይቻላል። ያለው መንገድ ማውረድ ነው።

ሲዲ ያለው ፒኤስ 5 እዚህ ላይ ነው የሚለየው። ብዙ ጊዜ ጌሙ በሲዲው ላይ አለ፤ ከሲዲው ወደ ኮንሶሉ ይጫናል። ማሻሻያ ከኢንተርኔት ሊጠይቅ ይችላል፤ ግን ከ100 ጊጋ ጋር አይነጻጸርም፣ ብዙ ጊዜም ለሌላ ቀን ማቆየት ይቻላል። የሰለቸውን ሲዲ ሸጦ ወይም ከሰፈር ልጅ ጋር ተቀያይሮ ሌላ ይጫወታል። ዲጂታል የተገዛ ጌም አይሸጥም፣ አይለወጥም። አንድ ነገር ግን ይወቁ፦ ጌሙ ከተጫነ በኋላም ለመጫወት ሲዲው ማሽኑ ውስጥ መኖር አለበት። «ጭኜ ሲዲውን ልመልስልህ» የሚለው ዘዴ አይሠራም።

ስለዚህ ወንድምዎ እንዳይሳሳት። «ዲጂታል ኤዲሽን» የተጻፈበት ካርቶን ዋጋው ቀነስ ይላል፤ ሰው ደስ ብሎት ያነሳዋል። ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ለአዲሱ ቀጭን ሞዴል ማስገቢያው ለብቻው ተገዝቶ ሊገጠም ይችላል፣ ሲገጠም ግን አንዴ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት። ፒኤስ 5 ፕሮ የሚባለውም ውድ ሆኖ ሳለ ያለ ሲዲ ማስገቢያ ነው የሚመጣው። ለእናንተ ቴሌቪዥን ትርፉ ብዙም አይታይም፣ ይለፋችሁ።

ስለ አካውንት ማንም የማይነግርዎትን ልንገርዎት። የሶኒ የኦንላይን አገልግሎት ኢትዮጵያን በአገሮች ዝርዝር ውስጥ አላስገባትም። አካውንት ሲከፍቱ «ኢትዮጵያ» የሚል አያገኙም። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ሄልዳይቨርስ 2 የተባለ የኮምፒውተር ጌም የሶኒን አካውንት ግዴታ ሊያደርግ ሲል አገልግሎቱ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ተነሥቶ ነበር። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ አካውንት የሚከፍተው ዘመዱ ባለበት አገር ነው። የእናንተው ወንድም ዱባይ ስላለ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ይከፈት፤ ምክንያቱም የገንዘብ ካርዱ ከአካውንቱ አገር ጋር መግጠም አለበት። የአሜሪካ ካርድ በኤምሬትስ አካውንት ላይ አይሠራም። ሲዲዎቹም ከዚያው ቢገዙ ከጌሙ ጋር የሚመጣ ኮድ አያስቸግራችሁም። ገደቡን ደግሞ ልደብቅዎት አልችልም፦ በኩባንያው ደንብ አካውንቱ የሚኖሩበት አገር መሆን ነበረበት። አንድ ቀን ችግር ቢፈጠር «እኔ አዲስ አበባ ነኝ» ብለው እርዳታ ሊጠይቁ አይችሉም። ለዚህም ነው በአካውንት ላይ ብዙ ብር አታጠራቅሙ፣ ሲዲ ይሻላችኋል የምለው።

«50 ጌም የተጫነበት አካውንት» እያሉ የሚሸጡ አሉ። አንዱን አካውንት ለሃያ ሰው ነው የሚሸጡት። ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን የቀየረ ቀን 50ውም ጌም አብሮ ይቆለፋል። «ሀክ የተደረገ» ፒኤስ 4ም እንደዚሁ ነው፤ ኦንላይን ከገባ ይታገዳል፣ ማሻሻያ ከተደረገ ሀኩ ይጠፋል። ለፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ያዋጣው ይሆናል። ለቤት ግን አይሆንም።

እንግዲህ መብራቱ። «የትኛው ይበረክታል?» ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ ያለው እዚህ ነው። ሁለቱንም የሚገድላቸው አንድ ነገር ነው፦ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ዝቅ የሚል ኃይል። መብራት ሲሄድ ፒኤስ 5 ሴቭ እያደረገ ከነበረ የተጫወተውን ሊያጠፋ ይችላል፣ ሲነሣም «ማከማቻውን እየጠገንኩ ነው» የሚል ጽሑፍ ያሳያል። ያን ያዩ ልጆች ደንግጠው ይደውሉልኛል። ብዙ ጊዜ ጠግኖ ይነሣል፣ ጽሑፉ ላይ እያለ ብቻ አትንኩት። ፓወር ሰፕላዩን የሚያቃጥለው ግን መመለሻው ነው። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉት። ሲመጣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት። ነፃ የሆነ መድኃኒት ይህ ነው፤ የሚተገብረው ሰው ግን ከአሥር አንድ ነው።

ስታቢላይዘርና ዩፒኤስን አታምታቷቸው። ስታቢላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ኃይል ያስተካክላል፣ መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ባትሪ አለው። ፒኤስ 5 ከባድ ጌም ሲጫወት 200 ዋት አካባቢ ይበላል። ከቴሌቪዥኑ ጋር 300 ቢሆን ነው። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ የሚችለው በግምት ከ360 እስከ 390 ዋት ስለሆነ ለጥቂት ደቂቃ ይሸከመዋል፤ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ያህል ማለቴ ነው እንጂ ለመጫወት አይደለም። ባለ 1000 ወይም 1200 ቪኤ ቢሆን ደግሞ ልብ ያሳርፋል። ጌሚንግ ኮምፒውተር እንደ ካርዱ ከ250 እስከ 400 ዋት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ስክሪኑ ሲታከልበት ትንሹ ዩፒኤስ አንዴ «ጢጥ» ብሎ ሁሉንም ያጠፋዋል። ኮምፒውተር ስትገዙ የዩፒኤሱን ዋጋ አብራችሁ ደምሩ ማለቴ ነው።

ሌላው የመብራት ጉዳይ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። የእኛ ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። የዱባዩም ከዚያ አይርቅም፣ ችግሩ ሶኬቱ ላይ ነው፤ የእነሱ ሦስት ጠፍጣፋ እግር አለው። የፒኤስ 5 ገመድ ከማሽኑ በኩል ያው ለቴፕና ለራዲዮ የምንጠቀምበት፣ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው ገመድ ስለሆነ አዳፕተር ላይ አዳፕተር ከመደራረብ ደህና ባለ ሁለት እግር ገመድ ገዝታችሁ ቀይሩ። ከአሜሪካ የሚመጣ ማንኛውም ዕቃ ግን ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ይነበብ፤ «100-240» ካለ ሰላም ነው። አንድ ደንበኛዬ ከአሜሪካ የተላከለት ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ከኋላው ትንሽ ቀይ ማብሪያ ነበረችው። 115 ላይ ነበረች። ማንም አላያትም። ሰክተው ሲያበሩት «ጧ!» አለ፣ ክፍሉን ሽታ ሞላው። በጥፍር ገፋ ማድረግ ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው።

ሙቀትና አቧራም አለ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ከባሕር ዳርቻ ከተማ ያንሳል። ደግነቱ ብርዱ ይክሰናል። የማይክሰው ሰው ሠራሹ ሙቀት ነው። አንዲት እናት ፒኤስ 5 ይዘው መጡ፤ «አሥር ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል» አሉኝ። አስቀማመጡን በስልክ ፎቶ አሳዩኝ። መስታወት በር ባለው ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴሉ የአየር መውጫውን ሸፍኖታል። የጠገንኩት ነገር የለም። ጎኑን ከፍቼ አቧራ መሰብሰቢያ ቀዳዳዎቹን በቫኪዩም ጠረግሁና «ዳንቴሉ ለቴሌቪዥኑ ይሁን» ብዬ ላክኋቸው። እስካሁን ይሠራል።

የፒኤስ 5ን ልብ ራሱን ግን ለማንም ሰው እንዳያስከፍቱ። ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት ሳይሆን ፈሳሽ ብረት ነው። ያልለመደ እጅ ከፍቶ ሲያፈሰው ቦርዱን ያቃጥለዋል። በዚህ በኩል ኮምፒውተር ይበልጣል፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ያንኑ ነቅሎ በሌላ መተካት ነው። ፒኤስ 5 ላይ በብዛት የማየው የኤችዲኤምአይ ማስገቢያ መሰበርና የጆይስቲክ መንሸራተት ነው። የመጀመሪያው ልጆች ገመዱን ሲጎትቱ የሚመጣ ነው፣ ደህና ብየዳ የሚችል ሰው ያድነዋል። ሁለተኛው እርጅና ነው፤ ተጫዋቹ ማንም ሳይነካው ወደ አንድ ጎን መሮጥ ሲጀምር ያውቁታል።

ኤክስቦክስስ? ሲሪስ ኤስ የሚባለው ርካሽ ነው፣ ሲዲ የለውም፤ ለእናንተ ኢንተርኔት አይሆንም። ሲሪስ ኤክስ ጠንካራ ነው፣ ግን ሰፈር ውስጥ ሲዲ የሚቀያየረው ጓደኛ አያገኝም። ኔንቴንዶ ለታናሽቱ ደስ ይላታል፣ ወንዱ ግን በሳምንቱ ፕሌይስቴሽን ቤት ይመለሳል።

«ለትምህርትም ይሆነኛል» የሚለውን ማንሳት አለብኝ። 14 ዓመት የሆነው ልጅ ለትምህርት የሚያስፈልገው መጻፊያ፣ ማንበቢያና ቪዲዮ ማያ ነው። ለዚህ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም። 8ኛ ትውልድ የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ 8 ጂቢ ራምና ኤስኤስዲ ያለው፣ ይበቃዋል። አቅም ሲኖርዎት ለብቻው ይግዙለት። መጫወቻውና መማሪያው ሁለት ዕቃ ሲሆኑ እርስዎም ሳሎን ሆነው የትኛው እንደተከፈተ ያያሉ። እሱ ክፍሉን ዘግቶ «አሳይመንት ላይ ነኝ» ሲል ምን ላይ እንዳለ በምን ያውቃሉ? ደግሞም እህቱን አይርሷት። ሁለት ጆይስቲክና አንድ ሶፋ ሁለቱንም ያጫውታል። ኮምፒውተር ፊት ያለው ወንበር አንድ ነው፤ ማን እንደሚቀመጥበትም ይታወቃል።

ሐሳቤን የሚያስቀይሩኝ ነገሮች የሉም አልልም። ልጁ የሚጫወተው ቫሎራንት፣ ዶታ 2 ወይም ካውንተር ስትራይክ 2 ከሆነ ይንገሩኝ። ዶታም ካውንተር ስትራይክ 2ም ፒኤስ 5 ላይ የሉም፣ ሦስቱም ነፃ ናቸው፣ ቀለል ባለ ካርድም ይሠራሉ። ብሌንደር (የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም) ወይም ፕሮግራሚንግ ከልቡ ጀምሮ ከሆነም እንደዚያው። ተጠየቅ ብለው ይፈትኑት፤ የሠራውን ያሳይዎት። ካሳየዎት የምመርጠው ዴስክቶፕ ሳይሆን ጌሚንግ ላፕቶፕ ነው። መብራት ሲሄድ ባትሪው ይዞት ይቆያል፣ ቻርጀሩም ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። በባትሪ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ለመጫወት አይመችም፤ ሥራው ግን አይጠፋም። ላፕቶፕ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «አርቲኤክስ 4060» የሚል ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች አንዱ ለካርዱ ሁለት እጥፍ ዋት ሊሰጠው ይችላል። ስሙን ብቻ አይተው አይግዙ፣ ዋቱን ይጠይቁ።

ልጅዎ የሚናፍቀው ግን የኳስ ጌም ከሆነ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚወስደውም እሱ ይመስለኛል፣ ጨርሰናል። ድሮ ፊፋ ይባል የነበረውና ከ2023 ወዲህ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የሆነው ማለት ነው። ልጁ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው የሚጫወተው እንጂ ከማያውቀው ጀርመናዊ ጋር አይደለም። ለዚህ ፒኤስ ፕላስም፣ ፈጣን ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። ፕሌይስቴሽን ቤት መሄዱን ግን ሙሉ በሙሉ ያቆማል ብለው አይጠብቁ። እዚያ የሚሄደው ለማሽኑ ብቻ አይደለም፤ ጫጫታውና «ተሸናፊ ይነሣ» የሚባለው ነገር አለ። ጓደኞቹን ቅዳሜ ቤት እንዲጠራ ከፈቀዱለት ይቀንሳል።

ሲዲ ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ይዩ። ከመካከለኛው ምሥራቅ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣው ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 ሊጻፍ ይችላል። ይህ የችሎታ ደረጃ ሳይሆን ዕድሜ ነው። ኮንሶሉ ላይ ለልጆቹ ለየብቻ አካውንት ከፍተው ዕድሜያቸውን በትክክል ካስገቡ ከዚያ በላይ ያለውን ጌም በራሱ ይከለክላል፣ የጨዋታ ሰዓትም እርስዎ መወሰን ይችላሉ። የወላጅ የይለፍ ቃሉን የልደት ቀንዎ አያድርጉት፤ በመጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው።

ለወንድምዎ ዛሬውኑ ደውለው እንዲህ ይበሉት፦ ፒኤስ 5 ቀጭኑ ሞዴል፣ ሲዲ የሚያስገባው፣ ሲገዛው ያልተከፈተ። አንድ ተጨማሪ ጆይስቲክ። የኳሱ ጌም በሲዲ፣ ሌላ ደግሞ እህቱ የምትመርጠው አንድ ሲዲ። አካውንቱን እዚያው ዱባይ በፈጣን ኢንተርኔት ይክፈትላችሁ፤ ኮንሶሉንም አንዴ አብርቶ ማሻሻያውን ያውርደው፣ እዚህ ሁለት ቀን ከምትጠብቁ። ደረሰኙን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጁ ላይ ይያዝ፣ ጉምሩክ ሊጠይቀው ይችላል። ካርቶኑን ቦታ ለማትረፍ እንዳይጥለው፤ ኮንሶሉ በእሱ ውስጥ ሆኖ በእጅ ሻንጣ ይምጣ። ዩፒኤሱን ከዚያ አያምጣው፣ ባትሪው ከባድ ነው፣ እዚሁ ይገኛል።